ጠፋብኝ ያልኩት መጠይቅ

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ክፍለ ሀገር ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የአራተኛ ዓመት የማኔጅመንት ተማሪ ናት። ሰላምታው ሳያልቅ "ሪሰርች የሚሠራ ሰው ታውቃለህ? ካልሆነም አንተው ሥራልኝ፣ እከፍልሃለሁ" አለችኝ። ድምጿ ውስጥ ሐፍረት የሚባል ነገር የለም። ከየት ይምጣ? ግቢያቸው በር ላይ ያሉት ፎቶኮፒ ቤቶች "አሳይመንት፣ ፕሮፖዛል፣ ሪሰርች እንሠራለን" የሚል ወረቀት መስታወታቸው ላይ ለጥፈዋል። ሒሳቡ በገጽ ነው።

ልቆጣት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ደሞዝ የሌለው ጋዜጠኛ ስለሆንኩ ገንዘቡ ትንሽ አጓጉቶኝ እንደነበር አልደብቃችሁም። አፌን የዘጋው ግን እሱ አይደለም። የዘጋኝን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

በ2005 ዓ.ም. በሶሲዮሎጂ ተመረቅኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ የተማርኩበት ከተማ ነዋሪ በመጠጥ ውሃ አገልግሎቱ ምን ያህል ይረካል የሚል ነበር፤ ያው "የእንትን ዳሰሳ፣ በእንትን ከተማ" ከሚሉት አንዱ። አድቫይዘሬ በዚያ ዓመት 17 ልጆች ተሰጥተውታል። ሰነፍ ሰው አልነበረም፤ ሦስት ኮርስ ያስተምር ነበር። የተገናኘነው ሦስት ጊዜ ነው፣ አንዱ ኮሪደር ላይ። "ሳምፕልህ 120 ይሁን" አለኝ። ለምን 120 እንደሆነ እኔም አልጠየቅኩም፣ እሱም አልነገረኝም።

መጠይቁን በእንግሊዝኛ ጽፌ ወደ አማርኛ መለስኩና 120 ኮፒ አስደረግኩ። ከቤት የተላከልኝ የኪስ ገንዘብ እዚያው አለቀ። ቤት ለቤት ስዞር ውሻ አባረረኝ። አንዳንዱ "ካድሬ ነህ?" አለኝ፣ አንዳንዱ "አንተው ሙላውና እኔ ልፈርምልህ" አለኝ። ሦስት ሳምንት ዞሬ በእጄ የገባው 43 ነው። የቀረውን 77 ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ዶርም ውስጥ በአንድ ሌሊት ሞላነው። ሰማያዊና ጥቁር እስክሪብቶ እየቀያየርን። አንደኛው በግራ እጁ እየጻፈ ያስቀን ነበር። ሲነጋ ውጤቱ ደረሰ፦ ከመላሾቹ 68 በመቶው በአገልግሎቱ አይረካም። ዲፌንሱ ላይ የተጠየቅኩት ስለ ማርጂንና ስለ ማጣቀሻ አጻጻፍ ነው። ኤ ማይነስ አገኘሁ።

ከሐሰቱ ይልቅ የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እውነተኞቹ 43 ውስጥ አንዲት እናት ነበሩ። ቤታቸው ዳገት ላይ ነው። "ውሃው የሚመጣው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጀሪካን የምትሞላው ልጄ ናት። እና ክፍል ውስጥ ትተኛለች፣ አስተማሪዋ ሰነፍ ናት ይለኛል" አሉኝ። ይህንን የትም አልጻፍኩትም። መጠይቁ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። "በጣም እረካለሁ" ብሎ ጀምሮ "ፈጽሞ አልረካም" ከሚለው ከሚደርሱት አምስት ሳጥኖች የመጨረሻው ላይ ምልክት አደረግኩላቸው፣ አመስግኜ ሄድኩ። ዛሬ አንድ ዘገባ የሚቆምበትን ነገር ያኔ በነፃ ተሰጥቶኝ ጣልኩት።

ከስድስት ዓመት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። ያው ከተማ ውስጥ ስለ ውሃ የሚያጠና የማስተርስ ተማሪ ነው። ዲፓርትመንቱ መደርደሪያ ላይ የእኔን ጽሑፍ አግኝቷል፤ ስለዚያ ከተማ ውሃ ሌላ የተጻፈ ነገር አጥቷል። "ወንድሜ፣ 68 በመቶ ያልከውን ከእኔ ጋር ላወዳድረው ብዬ ነው። የእኔ በጣም ራቀብኝ። መጠይቆቹ ካሉህ ባያቸው?" አለኝ በትሕትና።

"ጠፉብኝ" አልኩት።

ምናልባት ልክ የነበረውን የራሱን ቁጥር ተጠራጥሮ ይሆናል። ምናልባት ወደ እኔው አስጠግቶት ይሆናል።

"የባችለር ሪሰርች ማን ያነበዋል?" የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ይህ ልጅ ትዝ ይለኛል። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ ለጽሑፍ ምንጭ ፍለጋ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ነበር። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የታሪክ ተማሪዎች የጻፏቸውን የቢኤ ጽሑፎች አወጡልኝ። በታይፕራይተር የተመቱ፣ ወረቀታቸው የወየበ። መጨረሻቸው ላይ ያለው ዝርዝር ነው ያስቀመጠኝ፦ የመረጃ ሰጪው ስም፣ ዕድሜ፣ ቃሉ የተወሰደበት ቦታና ቀን። የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ወደ አገሩ ተመልሶ፣ ሽማግሌ ደጃፍ ተቀምጦ፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ባላባቱ ጠይቆ የጻፈው ነው። ሽማግሌዎቹ ዛሬ የሉም። ባሕሩ ዘውዴ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የዘመናዊት ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው ከምንጮቻቸው መካከል እንዲህ ያሉ የተማሪ ጽሑፎችን ጠቅሰዋል። እኛ ፈተና ላይ የምንመልሰው ታሪክ የተወሰነው ክፍል በተማሪ እግር የተሰበሰበ ነው።

ድሮ ሁሉም ጥሩ ነበር እያልኩ አይደለም። ያኔ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ጥቂት ነበር፣ አሁን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የተማሪው ቁጥር አደገ፤ አጠገቡ ተቀምጦ "ይህን ማን ነገረህ?" የሚለው መምህር ግን በዚያው ልክ አላደገም።

ሳይንሱ ጋ የተሻለ እንዳይመስላችሁ። በ70 ለ30 ምደባ አብዛኛው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ተላከ። የዶርም ጓደኛዬ ኬሚስትሪ ደረሰው። የስምጥ ሸለቆ ልጅ ነው፣ ጥርሱ እንደ ብዙ የሰፈሩ ልጆች ቡናማ ነው፤ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም አይብለጥ ይላል። የሰፈሩ ውሃ ስንት እንዳለው ለማወቅ ሦስት ፌስታል ሙሉ የውሃ ናሙና በሀይላንድ ተሸክሞ መጣ። መለኪያው ተበላሽቷል፣ ኬሚካሉም ግዥ ላይ ነው ተባለ። የሌሎችን ጥናት ሰብስቦ ሠንጠረዥ ሠርቶ ተመረቀ። ጠርሙሶቹ እስክንወጣ ድረስ አልጋው ሥር ነበሩ።

አሁን ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ከ50 በታች ያመጣ ዲግሪ የለውም። ፈተናውን አልቃወምም፤ ግን ተማሪው ያለችውን ጉልበት ወዴት እንደሚያዞር ግልጽ ነው። የአክስቴ ልጅም ያለችኝ ይህንኑ ነው፦ "እኔን የሚያስጨንቀኝ ኤግዚት ኤግዛም ነው፣ ሪሰርቹን ያው ይሞላል።"

"ይሞላል" የሚለው ቃል ነው ታሪኬን እንድነግራት ያደረገኝ። ሙሉውን፣ እስክሪብቶውን ጨምሮ። ጨርሼ ዝም ስል ዝም አለች። የተሰጣት ርዕስ ማበረታቻ በባንክ ሠራተኞች የሥራ አፈጻጸም ላይ ስላለው ተጽዕኖ ነው። ባንክ የሠራ ሰው ቤታችን ውስጥ የለም። እናቷ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች። "አስተማሪሽ የማያውቀው፣ አንቺ ግን የምታውቂው ነገር ምንድን ነው?" አልኳት። በሁለተኛው ቀን ርዕሷን አስቀየረች፦ እንጀራ ሻጮች ጤፍ በዱቤ እንዴት እንደሚገዙ።

በሁለት ሳምንት ዘጠኝ ሴቶች አነጋገረች። ማታ ማታ በቴሌግራም ድምፅ ትልክልኛለች። አንዷ ሴት "ወለድ የሚባል የለብኝም" ካሉ በኋላ፣ በእጅ በእጅ የሚገዛውና በዱቤ የሚወሰደው ጤፍ በኩንታል ዋጋው እንደሚለያይ ነገሯት። "ወለድ ነው እኮ!" ትላለች እየሳቀች፣ "እማዬ ራሷ ይህንን አስባው አታውቅም።" እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

ባለፈው ሰኞ አድቫይዘሯ ዘጠኝ ሰው አይበቃም፣ እስከ ዓርብ 100 መጠይቅ ይዘሽ ነይ አላት። "በዘጠኙ ልከራከር ወይስ..." ብላ አቆመች። ቀሪውን አልጨረሰችውም፤ እኔም አልጠየቅኳት። ሐሙስና ዓርብ መጥቼ አብሬሽ እዞራለሁ አልኳት። ትኬት ቆርጫለሁ።

ትናንት ማታ የማስተርሱን ልጅ ቁጥር ከድሮ ስልኬ ውስጥ ፈልጌ አገኘሁት። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ አይነሳም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንደገና እሞክራለሁ።