የሱፍ ክር መሶብ

አንበሳሜ እናቴ ቤት ብትገቡ፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ሌማቶችና ሰፌዶች መካከል አንድ ባዕድ መሶብ ታያላችሁ። እንደ ሌሎቹ ከአክርማና ከስንደዶ አልተሰፋም፤ ውስጡ የጥጥ ገመድ፣ ላዩ የሱፍ ክር ነው። ቀለሙም ከአለላ ይልቅ የሕፃን ሹራብ ይመስላል። ጎረቤቶች «ያረብ አገሩ መሶብ» ይሉታል። እንጀራ አይቀመጥበትም። ያመጣሁት ሰሞን አንድ ቀን ሞክረነው ነበር፤ ሱፉ የእንጀራውን ወዝ መጥጦት አድሮ በነጋታው ድርቆሽ አገኘን። እናቴም ክዳኑን አንሥታ ካገላበጠችው በኋላ፣ «ልጄ፣ እጅሽ ስፌቱን አልረሳም፤ ግን ይኸ ቆብ ነው እንጂ መሶብ አይደለም» አለችኝ።

መሶቡን የሰፋሁት በቤይሩት ከተማ፣ በ2008 ዓ.ም. እሑዶች ነው።

ስለ አረብ አገር ኑሮ በአገራችን ያልተባለ የለም። ከፎቅ ስለ ወደቁት፣ ደመወዛቸውን ስለ ተከለከሉት፣ አእምሯቸው ታውኮ ስለ ተመለሱት እኅቶቻችን ሰምተናል፤ የተባለውም እውነት ነው፣ አልክድም። ሆኖም ከዚያ የተመለስን ሴቶች ስንገናኝ አብዛኛውን ጊዜ የምናወጋው ስለ እሑድ ነው። እሑድ እሑድ ስላበሰልነው፣ ስለ ዘፈንነው፣ ስለ ሰፋነው፣ ስለ ተጣላንበት። እኔም ዛሬ ለእናቶችና ለሠራተኛ እኅቶቼ የምነግራችሁ ይኸንኑ ነው። በውስጡ ግን ለልጄ ለብዙ ዓመት ያልነገርኋት አንድ ነገር አለ።

ከአንበሳሜ የወጣሁት በ2003 ዓ.ም. ነው። ልጄ ሁለት ዓመቷ ነበር። የሊባኖስ ጉዞ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት የታገደ ስለ ነበር ደላላው በሌላ አገር አዙሮ አስገባኝ። እንደ ደረስሁ ፓስፖርቴ ከእጄ ወጣ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤትም ተረከብሁ። ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ የምትኖረው «ከፋላ» በሚባለው ሥርዓት ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም የታሰረ ስለ ሆነ ያንን ቤት ጥላ ከወጣች በሕግ ፊት የለችም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግም በሰባተኛው አንቀጹ የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ ከሽፋኑ ውጭ አድርጓቸዋል። ይኸን ያወቅሁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው በሩ ከውጭ እንደሚቆለፍ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እሑድ አልነበረኝም። የነበረኝ በረንዳ ነው። ከፊት ለፊታችን ካለው ሕንፃ፣ በእኔው ፎቅ ትክክል፣ አንዲት የደሴ ልጅ ልብስ ታሰጣ ነበር። መነጋገር ክልክል ነው። መዝፈን ግን አልተከለከለም! ስለዚህ ወሬያችንን በዜማ እናደርገው ጀመር። እሷ አንሶላ እያራገፈች ደመወዝ ሦስት ወር እንደ ቀረባት በእንጉርጉሮ ትነግረኛለች፤ እኔም መስታወት እየወለወልሁ የልጄን ነገር በዚያው ዜማ እመልስላታለሁ። ማዳሜ ከሳሎን ሆና «ሐበሾች እንዴት ደስተኞች ናቸው» ትል ነበር። ይኸን ዛሬ ስናገረው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ አላሳቀኝም።

በሦስተኛው ዓመት ማዳሜ ከብዙ ልመና በኋላ እሑድን ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ፈቀደችልኝ። ከዚያ በኋላ ነው ቤይሩት ከተማ መሆኗን ያየሁት። እሑድ ጧት የዶራን አደባባይ ያላየ ሰው ይኸን አይረዳውም። ሳምንቱን ሙሉ መጥረጊያ ይዛ ያጎነበሰች ሴት በዚያች ቀን ጠጉሯን ተሠርታ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርጋ፣ ስሟን ተጠርታ ትሄዳለች። የፊሊፒን፣ የስሪ ላንካ፣ የባንግላዴሽ፣ የእኛም ሴቶች ሱቁንና መንገዱን ይሞሉታል። ከቀውሱ በፊት በሊባኖስ የነበሩት የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ወደ 250 ሺህ እንደሚጠጉ ይገመት ነበር፤ ከእነዚህም የሚበዙት ኢትዮጵያውያት ነበሩ።

ከዶራ ቀጥሎ ያለው ሰፈር ቡርጅ ሐሙድ ነው። አሥር ሆነን አንዲት ክፍል እዚያ ተከራየን፤ በወር 200 ዶላር፣ ለእያንዳንዳችን 20 ዶላር። ከወር ደመወዜ ከ150 ዶላር ላይ 20ውን አውጥቼ በወር አራት ቀን ብቻ ለምቀመጥበት ክፍል እከፍል እንደ ነበር ለእናቴ አልነገርኋትም። ገንዘቡ በዚያ ዘመን ለአንበሳሜ ቤት ትንሽ አልነበረም። «ለምን አልላክሽውም?» ብትለኝ የምሰጣት መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የሚጥም መልስ የለኝም። ያች ክፍል ባትኖር ግን ዘጠኝ ዓመት የምችል አይመስለኝም።

በክፍሏ ውስጥ ያልተደረገ የለም። ጤፍ ሲጠፋ የሩዝና የስንዴ ዱቄት ቀላቅለን እናቦካለን፤ እንጀራው ዓይኑ ይወጣል፣ ጣዕሙ ግን ይኮርፋል። ከአገር ቤት ድርቆሽ የመጣላት ሴት ያን እሑድ እንደ ወይዘሮ ትከበራለች። እቁብ ነበረን። የማርያምን ማኅበር ከ21 አንሥተን ወደሚቀጥለው እሑድ አዛወርነው፤ እመቤታችን የከፋላን ነገር ታውቃለች ብለን። አንዷ የሹሩባ እጅ ነበራት። አንዷ፣ የወሎ ልጅ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሰሐን እያጠበች ግጥም በልቧ ትይዝና እሑድ ቡና ሁለተኛው ሲወርድ ትለዋለች። መጻፍ በደንብ ስለማትችል እኔ በደብተር እጽፍላት ነበር፤ ስሳሳት ግን ታውቅብኛለች፣ «እሱን አላልሁም» ብላ ታሰርዘኛለች።

የ2007 ዓ.ም. ልዩ ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት ጥር ወር የየአገሩ የቤት ሠራተኞች ቤይሩት ላይ ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ፤ የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር አልቀበልም አለ። ከእኛ ክፍል ሁለቱ በስብሰባው ተገኝተው ነበርና የወሬው ሙቀት ለወራት አልበረደም። ያ ሙቀት ነው ለዘመን መለወጫ ቲያትር እንሥራ ያሰኘን። ድርሰቱ የበረንዳው ታሪክ ሆነ፤ የእኔና የደሴዋ ልጅ። የማዳሟን ክፍል የሞጣ ልጅ ያዘችው። ጫማዋን አውልቃ፣ ሲጋራ በሌለበት ሲጋራ ይዛ፣ በአረብኛና በጎጃም አማርኛ እየቀላቀለች ስትቆጣ ልምምዱን ለመቀጠል የሚችል አልነበረም፤ ሁላችንም መሬት ላይ ነበርን። የእኔ ሥራ ልብስ መስፋትና መጋረጃ መጎተት ነው። ከማዳሜ ያረጀ መጋረጃ ለምኜ አራት ቀሚስ አወጣሁበት።

የቡርጅ ሐሙድን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሰፈሩን ያቀኑት አርመኖች ናቸው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከደረሰባቸው ዕልቂት ያመለጡት። የተሰደዱባቸውን ከተሞች ስም ለየመንደራቸው አውጥተውለታል፤ አዲስ ማራሽ፣ አዲስ አዳና ይሉታል። ክርና መርፌ የምገዛት አሮጊት ከእነዚያ ስደተኞች ልጆች አንዷ ነበረች። ሱቋ ከእናቴ ጓዳ ይጠብባል። እኔ በተሰባበረ አረብኛ፣ እሷም በአርመንኛ በተቃኘ አረብኛ እንነጋገራለን። አንድ ቀን ከኢትዮጵያ መሆኔን ብነግራት የዘመዶቿ ወገን የሆኑ ሰዎች በአዲስ አበባ እንደ ኖሩ ነገረችኝ። እውነቷን ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ሙዚቀኞች ሆነዋል፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ነው። የተሰደደ ሰው በሰው አገር መዝሙር ሊደርስ ከቻለ እኛስ አንዲት ቲያትር ቢያምረን ምን ነውር አለው? አልሁ ለራሴ። አሮጊቷ ከወገቧ ጎንበስ ብላ ከመሳቢያ የአያቷን ጥልፍ አወጣች፤ ክሩ እርስ በርሱ እየተቆላለፈ የሚሄድ የማራሽ ጥልፍ። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መርፌውን ስትይዝ ግን ይቆማል።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልመለስ። እሑድ ለእኔ ልጄን በስልክ የማገኝባት ብቸኛ ቀን ነበረች። እናቴ በዚያ ዘመን ስልክ አልነበራትም። ልጄን እየመራች ወደ ጎረቤታችን ትሄድና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይጠብቁኛል። በክረምት የቤይሩትና የእኛ ሰዓት አንድ ነው፤ የማሳስትበት ምክንያት አልነበረኝም። ልምምዱ ግን የሚጀመረው 8 ሰዓት ነበር፤ ሁላችንም በ12 ሰዓት ቤት መግባት ስላለብን ሌላ ጊዜ አልተገኘም። በመጀመሪያው እሑድ «ዛሬ ብቻ» አልሁ። በሁለተኛው የማዳሟ ቀሚስ ጠበበ ተባለና ስፈታ ስሰፋ ዋልሁ። በሦስተኛው እሑድ ሰዓቱን አይቼዋለሁ። እየሣቅሁ ነበር። ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ካርድም ነበረው፤ አልደወልሁም።

በአራተኛው እሑድ ስደውል እናቴ ብቻዋን ነበረች። «እምቢ አለች» አለችኝ፤ «ሦስት ሳምንት እዚያ ደጃፍ ላይ ጨለማ እስኪሆን ተቀመጠች። ዛሬ ግን ‹እትዬ አትደውልም› ብላ ቀረች።» ስድስት ዓመቷ ነው። እናቴን «እማዬ»፣ እኔን «እትዬ» ነበር የምትለው።

ቲያትሩ አማረ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ አየልን። አንዲት ከጎኔ የነበረች ልጅ፣ ከመጣች ገና ስድስት ወሯ፣ በበረንዳው ዘፈን ጊዜ እጄን ይዛ አልለቅም አለች። ይኸን ቀን በሕይወቴ ደስ ካሰኙኝ ቀኖች ከቆጠርሁ አንዱ ነው። ለሌላ ነገር ስል አልዋሽም። መጋረጃውን ስዘጋ ያሰብሁት ግን የጎረቤታችንን ደጃፍ ነው።

መሶቡን የጀመርሁት በማግሥቱ እሑድ ነው። አክርማና ስንደዶ ከየት ይመጣል? ከአሮጊቷ ሱቅ ገመድና የሱፍ ክር ገዛሁ፤ ወስፌ ስለ ሌለ የጫማ ሰፊዎችን ወፍራም መርፌ ሰጠችኝ፤ የቡርጅ ሐሙድ አርመኖች የቆዳ ባለ ሙያዎች ናቸው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ እደውላለሁ፤ ልጄ አትመጣም፤ ከእናቴ ጋር እነጋገርና ስልኩን ዘግቼ እሰፋለሁ። እስከ ጥምቀት ድረስ እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን እናቴ ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝና መሶብ ነው አልኋት። ከበስተኋላ አንዲት ትንሽ ድምፅ «በምን?» አለች።

የኋላው ኋላ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ፤ አሠሪዎች ደመወዝ በዶላር መክፈል አልቻልንም አሉ። በዚያው ዓመት ግንቦትና ሰኔ ብዙ እኅቶቻችን ሻንጣቸውን ይዘው በቆንስላችን ደጃፍ ተጣሉ። እነዚህን ለማብላትና ለማስጠለል ከደከሙት መካከል «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው፣ በእኛው ዓይነት ሴቶች የተቋቋመው ማኅበር ነበረበት። ሐምሌ 28 ቀን ከምሽቱ 12 ሰዓት አለፍ ሲል ወደቡ ላይ የተከማቸ 2,750 ቶን የሚጠጋ አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከ200 ሰው በላይ ሞተ። የክፍላችን መስታወት በሙሉ ረገፈ፤ ቀኑ ማክሰኞ ስለ ነበር ውስጧ ማንም አልነበረም። እሑድ ሄጄ መስታወቱን ስጠርግ መሶቡን ከፍራሽ ሥር አገኘሁት። ክሩ ውስጥ የገባውን ስብርባሪ በመርፌ ለቅሜ አልጨረስሁትም፤ ዛሬም በፀሐይ ስታዩት አንዳንድ ቦታ ያበራል። መስከረም 2013 ዓ.ም. አገሬ ገባሁ። የሞጣዋ ልጅ እዚያው ቀረች። አሮጊቷን ተሰናብቻት አልመጣሁም፤ ሱቋ ተዘግቶ ነበር።

ዛሬ ባሕር ዳር በአንዲት አነስተኛ የልብስ ስፌት ቤት እሠራለሁ። ልጄ ከእኔ ጋር ናት፤ በቁመት በልጣኛለች። «እማ» ለማለት ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶባታል፤ ዛሬም ስትቆጣ «እትዬ» ትለኛለች። ባለፈው ለእናቴ ጥየቃ አንበሳሜ ወርደን ሳለ ቡና እየተፈላ የቲያትሩን ነገር አነሣሁ። የሞጣዋን ልጅ እንደ ማዳም አድርጌ ብቆጣ እናቴ ሳቀች፤ ልጄም ሳቀች።

«አንቺስ ምን ሆነሽ ነው የሠራሽው?» አለችኝ።

«እኔ አልታይም ነበር። መጋረጃ ነው የምጎትተው።»

«መቼ ነው?»

ዓመቱን ነገርኋት። ክረምት መሆኑንም፣ ከ8 ሰዓት ጀምሮ መሆኑንም ነገርኋት። ልጅቱ ሞኝ አይደለችም። እናቴ ረከቦቱ ላይ አቀርቅራ ሲኒዎቹን ማስተካከል ጀመረች።

«ደጃፉ ላይ እኮ ዝናብ ነበር» አለች ልጄ።

«አውቃለሁ።»

ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ተነሥታ የሱፉን መሶብ ከግድግዳው አወረደችና ወደ በሩ ብርሃን ይዛው ሄደች። ከአያቷ መርፌ ተቀብላ፣ ደፉ ላይ ተቀምጣ፣ ከክሩ ውስጥ መስታወት መልቀም ጀመረች።