የመርሳ ማንጎና የሀብሩ ማሽላ

እናቶችና እኅቶች፣ በደሴ በኩል ወደ ወልዲያ ስትጓዙ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራችሁ መርሳን ታገኛላችሁ። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በወቅቱ ከደረሳችሁ ማንጎና ፓፓያ ሳትገዙ አትለፉ፤ ለልጆች መልካም ምግብ ነው።

ይሁንና ፍራፍሬው መስኖ የሚደርስበት መሬት በረከት ነው። ዝናብ ጠባቂው ቆላ የሚኖረው በማሽላ ነው። ዝናብ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ወሎ በ1977 ዓ.ም. አይቶታል። ዝናብ ቢጥልም፣ አቀንጭራ የተባለው አረም የማሽላውን ሥር ይዞ ምግቡን ይመጥጣል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ዘር ሳይጥል መነቀል አለበት፤ ይህም እናትንም ልጅንም ከማሳ ያውላል። በዚሁ ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ለማውጣት መድከሙ የቤት እመቤቷንም ሸክም ለማቅለል ነው።

እንግዲህ ማንጎውን ለልጆቻችሁ ስትልጡ፣ በዚያው ቀዬ የማሽላ እንጀራ የምትጋግረውን እናት ድካም አስቡ።