የ18 ዓመት ሽማግሌ

ሽማግሌ የሚለው ስም በአገራችን በዘመን ብዛት የሚገኝ ስም ነው። ጠጕሩ የሸበተ፥ የተጣላ ያስታረቀ፥ ለልጅ ሚስት ለመጠየቅ ጋቢውን ተከናንቦ በሰው ደጅ የቆመ፥ በዕድር ሸንጎ ቃሉ የተደመጠ ሰው ካልሆነ በቀር ማንም አይጠራበትም። ስለዚህ በአዲስ አበባ በልደታ ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች፥ ጢም በቅጡ ያላበቀሉ ሁለት ጐበዛዝት ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፥ ክራቫት አስረው፥ በደረታቸውም ላይ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ሰክተው ሲያልፉ ባዩ ጊዜ፥ በሰሌዳው ላይ ከስማቸው በፊት የተጻፈው የእንግሊዝኛ ቃል «ሽማግሌ» ማለት መሆኑን ሰምተው ቢሥቁ የሚያስነቅፋቸው አይደለም።

እነዚህ ልጆች የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የተባለው፥ በተለምዶ ግን ሞርሞን የሚባለው ማኅበር መልእክተኞች ናቸው። ማኅበሩን በአሜሪካ በኒውዮርክ ግዛት በ1822 ዓ.ም. የመሠረተው ዮሴፍ ስሚዝ የተባለ የ24 ዓመት ሰው ነው። ሳሙኤል ጎባት የተባለው የስዊስ ተወላጅ ሚሲዮናዊ ወደ ትግራይ የገባው በዚያው ዓመት መሆኑ ለታሪክ አንባቢ የሚያስደንቅ መገጣጠም ነው። ስሚዝ ከተገደለ በኋላ ስደት የጸናባቸው ተከታዮቹ ወደ ምዕራብ ተጕዘው በ1839 ዓ.ም. ዩታ በሚባለው ምድረ በዳ ሰፈሩ። ትምህርታቸው ከተዋሕዶ ትምህርት እጅግ የራቀ ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ መጽሐፈ ሞርሞን የሚሉትን ይቀበላሉ፤ 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ የመሰከሩትን የባሕርይ አንድነት ግን አይቀበሉም፤ አብ ወልድ መንፈስ ቅዱስ በፈቃድ አንድ ሲሆኑ በህላዌ ልዩ ልዩ ናቸው ይላሉ። ይህን ለካህናት ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ብዙ ሰው የማያውቀው የልጆቹን ኑሮ ነው።

ወንዱ ከ18 ዓመቱ ጀምሮ ለ24 ወር ይላካል፤ ሴቲቱ ለ18 ወር። እስከ 2005 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ ወንዱ 19 ዓመት እስኪሞላው ይጠብቅ ነበር። የሚሄድበትን አገር ራሱ አይመርጥም፤ ከዋናው ጽሕፈት ቤት የሚመጣለት ደብዳቤ አገሩንም የሚያስተምርበትንም ቋንቋ ይነግረዋል። ደመወዝ የለውም፤ እንዲያውም ለመሄዱ ገንዘብ የሚያወጡት እርሱና ቤተ ዘመዱ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. እንዲህ ሆነው በየአገሩ የተበተኑት ከ70,000 በላይ ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያም ማኅበሩ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሕጋዊ ፈቃድ አግኝቶ ገብቷል፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ራሷን የቻለች የስብከት ክፍል ተደረገች።

በተለመደው ሥርዓታቸው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ይነሣሉ፤ ሰውነታቸውን ያፍታታሉ፤ ቁርስ በልተው እስከ 4 ሰዓት ድረስ ለየብቻም አብረውም ያነባሉ፥ ቋንቋም ያጠናሉ። ከዚያ በኋላ ይወጣሉ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ወደ ማደሪያቸው ይመለሳሉ፤ 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን መብራት ይጠፋል። ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ ይህም ከወንጌል የተወሰደ ነው። ነገር ግን ባልንጀራውን የሚመርጥለት አለቃው ነው፤ ጠባዩ ቢስማማውም ባይስማማውም ከዓይኑ ሊርቅ አይችልም። በየጥቂት ሳምንቱም ይለዋወጣሉ። ልብሳቸውን የሚያጥቡበት፥ አስቤዛ የሚገዙበት፥ ለዘመዶቻቸውም የሚጽፉበት አንድ ቀን በሳምንት ይፈቀድላቸዋል። ከ2011 ዓ.ም. በፊት የእናታቸውን ድምፅ የሚሰሙት በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን በየሳምንቱ በስልክ ፊቷን እያዩ ይነጋገራሉ።

ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ዝቅ ብሎ፥ ቀድሞ አውሮፕላን ያርፍበት ከነበረው ሜዳ ወዲህ፥ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ልጁ የ16 ዓመት ተማሪ ነው፤ እንግሊዝኛ ለመልመድ ሲል ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር በመንገድ ተዋወቀና ወደ ቤት ይዟቸው መጣ። አንደኛው የዩታ ልጅ ነው፤ ሁለተኛው ናይጄርያዊ። ሥራውን የከበደው ለዩታው ልጅ ነበር። በመጀመሪያ ሰዓቱ አስቸገረው፤ በ3 ሰዓት ና ቢሉት በ9 ሰዓት መጣ። ቀጥሎም ጠና ጨን ጸን ከጉሮሮው ማውጣት አቃተው። «አለ» ጠብቆ ሲነገር መኖር፥ ላልቶ ሲነገር መናገር መሆኑን የሚያስረዳው አጥቶ ብዙ ቀን ተንገላታ፤ የቅኔ ሰው ግን በዚህ ይደሰታል፥ ሰምና ወርቁ የሚሠራው እንዲህ ባለው ቃል ነውና። ከሁሉ ይልቅ የሚያሥቀው ሰባውን የተሻገሩትን እናት «አንቺ» ብሎ መጥራቱ ነበረ። እርሳቸውም «ልጄ፥ እናትህንም ሰፈርተኛህንም በአንድ ቃል ነው የምትጠራ?» አሉት። እርሱም በአገሩ ለሁሉም አንድ ቃል ብቻ መኖሩን ነገራቸው። አዘኑለት።

ቡና ተፈላ። ሁለቱም እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው «አንጠጣም» አሉ። በ1825 ዓ.ም. ዮሴፍ ስሚዝ በሰጣቸው ሕግ ቡናና ሻይ፥ ትንባሆና የሚያሰክር መጠጥ የተከለከለ ነው። በአዲስ አበባ ቡና እንቢ ማለት ቤቱን እንቢ ማለት ነውና፥ እኒህ እናት ፊታቸው ጠቈረ። በዚያ ቀን የንስሐ አባታቸው መምሬ በቤቱ ነበሩና ነገሩን አበረዱት። እስከ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ድረስ የኢትዮጵያ ካህናት ራሳቸው ቡናን ያወግዙ እንደ ነበረ፥ ቡና የጠጣም ክርስቲያን እንደ እስላም ይቈጠር እንደ ነበረ አስታወሷቸው። «የእርስዎ ቅድመ አያት ቢኖሩ ከነዚህ ልጆች ጋር ይስማሙ ነበር» ቢሏቸው ሣቁና ለእንግዶቹ ብርዝ ቀዱላቸው።

መምሬ ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የዩታውን ልጅ ኑሮ ሲጠይቁት ስለ ሃይማኖት አልጀመሩም፤ ስለ ውሻ ጠየቁት። «ውሻ ነክሶህ ያውቃል?» ልጁም የሱሪውን ጫፍ ገልጦ ጠባሳውን አሳያቸው። እርሳቸውም ቀሚሳቸውን ጥቂት ከፍ አድርገው የባታቸውን አሳዩት፤ በጎጃም በዋሸራ በተማሪነት ዘመን የተነከሱት ነው። ደበሎ ለብሰው፥ አኰፋዳ አንግተው፥ በትር ይዘው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ደጅ ለደጅ ሲለምኑ፥ ሌሊቱን ቅኔ ሲቈጥሩ አድረው ለመምህራቸው ሲነግሩ፥ ከጉባኤ ቃና ተነሥተው መወድስ እስኪደርሱ የሆነውን ሁሉ አጫወቱት። ልዩነቱንም አልደበቁም። የዩታው ልጅ የወጣው እናቱ እቅፍ አድርጋ ሸኝታው ነው፤ መምሬ ግን በ13 ዓመታቸው በሌሊት ኰብልለው ነው የሄዱት። የእናቱን ፊት በየሳምንቱ ያያል፤ እርሳቸው 7 ዓመት ሙሉ ወሬ አልላኩም። ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜም ሞቷል ተብሎ ተዝካራቸው ወጥቶ አገኙት። ይህን ሲናገሩ ናይጄርያዊው ልጅ ብርዙን አስቀመጠ።

ጥቂት ዝም ከተባለ በኋላ መምሬ ሌላ ነገር ጠየቁ። ማኅበሩ እስከ ሰኔ 1970 ዓ.ም. ድረስ ከአፍሪካ ዘር ለተወለደ ወንድ ክህነት ይከለክል እንደ ነበረ አንብበዋል። «ይህ ሕግ ባይነሣ ኖሮ አንተ ሽማግሌ ትባል ነበርን?» አሉት ናይጄርያዊውን። የዩታው ልጅ ፊቱ ቀላ። ናይጄርያዊው ግን አልተቈጣም፤ በአገሩ ሰዎች ገና መልእክተኛ ሳይደርስባቸው መጽሐፉን አንብበው ማኅበር እንዳቆሙ፥ አጥማቂ እንዲላክላቸው ብዙ ዓመት ደብዳቤ እንደ ጻፉ፥ አያቱም ከነዚያ አንዱ እንደ ነበሩ ነገራቸው። «አያቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁ» አለ። መምሬ መልስ አልሰጡም። በር የዘጋውን ማኅበር ስሕተት ማየት ቀላል ነው፤ በተዘጋ በር ላይ 20 ዓመት የቆመን ሰው ትዕግሥት ግን መናቅ አይቻልም።

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበረ። በሌላ ቀን ግን ልጆቹ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። የልጅ ልጃቸው በእነርሱ ሥርዓት ሊጠመቅ ወዷል፤ ዕድሜው ከ18 በታች ስለሆነ ግን ያለ አሳዳጊው ፈቃድ አያጠምቁትም። ይህን ሕግ መጠበቃቸው የሚመሰገን ነው፤ በልጅ ላይ በጓሮ የሚዞሩ ብዙዎች አሉና። እኒህ እናት ቀለም አልቈጠሩምና አውራ ጣታቸውን እንዲያትሙ ተለመኑ።

እርሳቸው ግን በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር አሰቡ። የወሎ ሰው ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ አፈናቅሏቸው ሕፃን ልጃቸውን አዝለው ኮረም ከገቡት አንዷ ነበሩ፤ ያንን መጠለያ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጥቅምት 13 ቀን ለዓለም ያሳየው ነው። አንድ ቀን የዩታው ልጅ ሲያጫውታቸው፥ እሑድ ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም. በአሜሪካና በካናዳ ያሉ የማኅበሩ ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ ረኀብ ጾመው የምግባቸውን ዋጋ እንደ ሰጡ፥ አያቱም በዚያ ቀን እንደ ጾሙ ነግሯቸው ነበር። ነገሩ እውነት ነው፤ በዚያ ጾም ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ በሌሎች የረድኤት ማኅበሮች በኩል ተልኳል። እኒህ እናት በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ፥ በዓመትም ሰባቱን አጽዋማት የሚጾሙ ናቸው፤ ሌላ ሰው ስለ እርሳቸው መጾሙን ግን ከዚያን ቀን በፊት ሰምተው አያውቁም። ያዘሉት ሕፃን ተርፎ አድጎ፥ ይህን ልጅ ወልዶ፥ በኋላ ሞተ። እንግዲህ ያ ስንዴ ከየትኛው እጅ እንደ መጣ ማን ያውቃል?

ስለዚህ ወረቀቱን ሳያትሙ፥ ሳይመልሱም፥ መምሬን አስጠሩ። «አባቴ፥ እህል ያበደሩኝ ሰዎች ልጅ ጠየቁኝ፤ ምን ልበል?» አሏቸው።

መምሬ ፈጥነው አልተናገሩም። ሌላ ካህን ቢሆን ኖሮ በዚያው ሰዓት ወረቀቱን ይቀድድ፥ በሩንም እንዲዘጉ ያዝዝ ነበር፤ እንዲህ ያለው ትእዛዝ ግን የልጁን ልብ ከቤት አያስቀረውም። በመጨረሻ «ልጄ፥ የጾሙት ዋጋ ጠይቀው አልጾሙም፤ ዋጋ ጠይቀው ከሆነ ደግሞ ጾም አይባልም። የእግዚአብሔርን ዋጋ እግዚአብሔር ይከፍላል። አንቺ የምትመልሺው ስለ ልጁ የተጠየቅሽውን ብቻ ነው» አሏቸው። ከዚያም ወደ ልጁ ዞረው ለምን እንደ ወደደ ጠየቁት። ልጁ ስለ ሥላሴም ስለ ክህነትም አንድ ቃል አልተናገረም። «ሲመጡ እኔን ፈልገው ነው የሚመጡት፤ ስጠይቃቸው አይቈጡኝም» አለ።

መምሬ ይህን ቃል ከተነከሱት ውሻ ይልቅ አመማቸው። ይህ ልጅ የተጠመቀው በ40 ቀኑ ነው፤ ቤቱም ለቤተ ክርስቲያን ቅርብ ስለሆነ የቅዳሴው ድምፅ ከአልጋው ላይ ይሰማዋል። በ16 ዓመት ውስጥ ግን ስሙን ጠርቶ ምን ታስባለህ ያለው ካህን የለም፤ መምሬ ራሳቸው ወደዚህ ቤት ሲመጡ የሚያነጋግሩት አያቱን ነበረ። የአብነት ተማሪ እንጀራ ለምኖ በተማረው፥ ከተማው የሚያከብረው ሊቅ ይወጣዋል፤ ያ ሊቅ ግን ወጣቱን በበዓል ቀን በመቋሚያና በጸናጽል መካከል ብቻ ነው የሚያየው። የውቅያኖስ ማዶ ልጅ ደግሞ የተሳሳተ አማርኛውን ይዞ፥ ውሻ እየነከሰው፥ በዚህ ልጅ ደጅ ይቆማል።

እናቲቱ በማግሥቱ ለሁለቱ ሽማግሌዎች መልስ ሰጡ። ወረቀቱን እንዳለ መልሰው «ለአያትህ ንገራቸው፤ ስለ ጾሙልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እኔም ስለ እርሳቸው እጾማለሁ። ልጁን ግን አባቱ ሲሞት ከነማተቡ ነው የሰጠኝ» አሉት። የዩታው ልጅ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ በዚህ ጊዜ ግን «እሺ እማማ፥ እርስዎ እንዳሉ» አለ። «እርስዎ» ማለቱን ሰምተው እናቲቱ እጁን ሳሙት። የግንቦት ልደታ በደረሰ ጊዜም ጐረቤቱ ሁሉ ከደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲቀቅል ሁለቱ ተጠርተው መጡ፤ ንፍሮውን በሉ፥ ቡናውን አለፉ። ከዚያ ወዲህ የዩታው ልጅ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል፤ በምትኩ የመጣው እንደገና ከሀ ጀምሯል።

መምሬም ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ወደዚያ ቤት ይሄዳሉ። ልጁ እየጠየቀ፥ እርሳቸው ሳይቈጡ ይመልሳሉ፤ መጀመሪያ የፀሐይን ክበብና ብርሃን ሙቀትም ምሳሌ አድርገው ነገሯቸውን ጀምረው ነበር፥ ልጁ ግን ፀሐይ ከዋክብት አንዷ ስለ መሆኗ ጠይቆ መንገዳቸውን አስለወጣቸው። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ «ያን ጊዜ ኰብልለው ሲሄዱ እናትዎን ይናፍቁ ነበርን?» ብሎ ጠየቃቸው። ልጁ 18 ዓመት ሊሞላው 14 ወር ይቀረዋል።