የሰሜን ዋልታ አየር በጨው ባሕር ዳር

በዚህ ዓምድ አገሪቱን እየዞርን ያየነውን ስናካፍላችሁ ቆይተናል። በዚህ ጊዜ የምናወራችሁ ከፋሲካ በዓል በኋላ ከቤርሼባ በአውቶቡስ ተነሥተን ስለጎበኘነው ስለ ጨው ባሕር፣ በዕብራይስጥ ያም ሐሜላሕ ስለሚባለው ነው። ወሬያችን ግን ከዚያ ተነሥቶ እስከ ሰሜን ዋልታ ይደርሳል። ምክንያቱን እያነበባችሁ ስትሄዱ ታዩታላችሁ።

ዓራድ ከተማን ካለፉ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ጆሮ ይደፈናል። ሕፃናቱ ሲያለቅሱ እናቶች ጡት እየሰጡ፣ እኛም «ምራቃችሁን ዋጥ አድርጉ» እየተባባልን ወደ 1000 ሜትር ያህል ወረድን። የጨው ባሕር ዳርቻ በዓለም ላይ ካለው የብስ ሁሉ ዝቅ ያለው ነው። ዋናው ባሕር ከውቅያኖስ ወለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በየዓመቱም ከአንድ ሜትር በላይ ይጎድላል። ውኃው በሸሸበት ዳርቻ መሬቱ በድንገት እየተደረመሰ በሺህ የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ስለተከፈቱ፣ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ካለበት አልፋችሁ አትሂዱ፤ ልጆቻችሁንም እጃቸውን ያዙ።

እኛ የወረድነው ዔን ቦቄቅ ነው። እዚያ በሆቴሎቹ ፊት የሚታየው ውኃ ዋናው ባሕር ሳይሆን፣ ማዕድን ለማውጣት ከሰሜኑ ክፍል በፓምፕ እየተሳበ የሚጠራቀም ገንዳ ነው። ይህን ብዙ ጎብኚ አያውቅም። እኛም የሰማነው እግራችንን ከነከርን በኋላ ነው።

አብረውን ከመጡት መካከል አንድ የጎንደር ሽማግሌ አባት ነበሩ። ከዳር የተጋገረውን ጨው ገምሰው አነሡና «አሞሌ!» አሉ። አያታቸው ገበያ ሲወጡ እንደ ገንዘብ ይዘውት ይሄዱ እንደነበር አጫወቱን። የእኛ አገር አሞሌም ከባሕር ወለል በታች ካለው ከአፋር በረሃ ተቆርጦ የሚመጣ ነው። ሽማግሌው ጨዉን በመሐረባቸው ቋጠሩና አስጎብኚውን ጠየቁ፦ «ልጄ፣ የውኃውንስ ጨው ቀመስነው። አየሩ ውስጥ ምን አለበት?» አስጎብኚው «ለቆዳ ጥሩ አየር ነው» ብሎ አለፈ። ጥያቄው ግን እኛን አላስቀምጥ አለን። ቤት ተመልሰን አንብበን ያገኘነውን እነሆ እናቀርባለን። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መልሱ የሚጀምረው ከዚህ እጅግ በራቀና በቀዘቀዘ ቦታ ነው። በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ አለርት የሚባል ጣቢያ አለ። ሰው ዓመቱን ሙሉ ከሚኖርባቸው ቦታዎች ሁሉ ለሰሜን ዋልታ የቀረበው እሱ ነው፤ ከዋልታው የሚርቀው 817 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። መንደር አይባልም፤ የጦር ሠራዊት ሰፈርና የአየር ጠባይ ጣቢያ ነው እንጂ ገበያም ትምህርት ቤትም የለውም። ፀሐይ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ አትወጣም። ከአራት ወር የሚበልጥ ሌሊት ማለት ነው። አየሩን የሚለካው ቤት በ1986 ሲከፈት፣ የሰፈሩ ጄኔሬተር ጢስ እንዳይደርስበት ራቅ ብሎ ለብቻው ተሠራ።

በዚያ አገር ፀሐይ ከረጅሙ ሌሊት በኋላ ብቅ ስትል አንድ እንግዳ ነገር ይሆናል። በምድር ገጽ ላይ ባለው አየር ውስጥ ያለው ኦዞን በጥቂት ሰዓት ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ተሟጦ ያልቃል። እዚህ ላይ ሰው እንዳይደነግጥ አንድ ነገር እንለይ። ኦዞን ሁለት ቦታ ይገኛል። እጅግ ከፍ ብሎ በሰማይ ያለው ከፀሐይ የሚቃጠል ጨረር የሚከልለን ነው። እታች በምንተነፍሰው አየር ያለው ግን ሲበዛ ሳንባን የሚጎዳ ነው፤ በከተማ ከመኪና ጢስም ይፈጠራል። በአለርት የሚያልቀው ይህ የታችኛው ነው።

ማን ጨረሰው? በ1988 የወጣ አንድ ጥናት ኦዞን ሲጎድል ብሮሚን እንደሚበዛ አሳየ። ብሮሚን ከባሕር ጨው ጋር አብሮ ያለ ነገር ነው። በባሕሩ በረዶና በአመዳዩ ላይ የተጋገረው ጨው ብርሃን ሲያገኝ ብሮሚኑ ወደ አየር ይወጣል፤ ኦዞኑን ይበላል፤ ተመልሶም ከበረዶው ላይ ሌላ ብሮሚን ያስወጣል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ይሄዳል።

ይህን መለካት ግን ቀላል አይደለም። እንዲህ ያለው ጋዝ የነካውን ሁሉ ስለሚዋሐድ በጠርሙስ ቢይዙት ግድግዳውን ነክቶ ይጠፋል። ቡና ሲቆላ ጢሱን በጠርሙስ ይዞ ለጎረቤት ለማሳየት እንደ መሞከር ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ጋዙን አምጥቶ ከመለካት ይልቅ ባለበት የሚለኩበት ዘዴ አላቸው። ከኃይለኛ መብራት የወጣ ብርሃን በአየሩ ውስጥ ረጅም መንገድ ተጉዞ በመስተዋት ይመለሳል። የተመለሰውን ብርሃን እንደ ቀስተ ደመና በየቀለሙ ሲዘረጉት የተወሰኑ ቦታዎች ደብዝዘው ይገኛሉ። እያንዳንዱ ጋዝ የሚበላው ቀለም የራሱ ስለሆነ፣ ከድብዛዜው ማንነቱና ብዛቱ ይታወቃል። በ1992 በአለርት ብሮሚን ከኦክስጅን ጋር የተዋሐደበት ጋዝ በዚህ መንገድ ተለካ።

ነገሩ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልጻፍነው ነበር። በ1995 እዚያው አለርት የሜርኩሪ መለኪያ ተተከለ። ሜርኩሪ በድሮው የትኩሳት መለኪያ ውስጥ የምናውቀው፣ ባዜቃ የሚባለው ብርማ ፈሳሽ ነው። ከከሰል ማቃጠያና ከወርቅ ማውጫ እየተነነ በአየር ብዙ ወራት ሲንሳፈፍ ይኖራል። በጸደይ ኦዞኑ ሲያልቅ ሜርኩሪውም ከአየሩ አብሮ ጠፋ። የጠፋው ግን ወደ ሌላ ዓለም አይደለም። ብሮሚኑ ለውጦት በረዶው ላይ አወረደው እንጂ። ከበረዶ ወደ ውኃ፣ ከውኃ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣም ወደ አቆስጣ ሊደርስ ይችላል። አቆስጣ በአማርኛው ኦሪት የድንኳኑ መሸፈኛ ቁርበት ሲነገር ስሙ የሚጠራው ነው፤ ለሰሜን ካናዳ የኢኑይት ሕዝብ ግን የዕለት ምግቡ ነው። በዚያ ባለው በኑናቩት ግዛት በ2012 መውለድ የሚችሉ ሴቶች የአቆስጣ ጉበት እንዳይበሉ ምክር ተሰጥቷል። ፋብሪካ የሌለበት አገር የፋብሪካን ዕዳ ይከፍላል። ይህ ነው እኛን ያሳዘነን።

አሁን ወደ ዔን ቦቄቅ እንመለስ። ይህ ሁሉ ብርድና በረዶ ይፈልጋል ተብሎ ይታሰብ ነበር። የጨው ባሕር ውኃ ግን ከውቅያኖስ ውኃ ከ70 እጥፍ በላይ ብሮሚን አለው። በ1997 የጀርመኑ የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲና የኢየሩሳሌሙ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ያንኑ የብርሃን መሣሪያ ይዘው ወደዚህ ወረዱ። በ1999 እንዳወጡት፣ ከአንድ ሚሊዮን ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ እስከ 86 የሚደርስ የብሮሚን ጋዝ አገኙ። ለእኛ ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ሆኖም በዋልታው ተለክቶ ከነበረው ይበልጣል። የታችኛው ኦዞንም እንደ አለርት እዚህ ያልቃል። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ በሚደርስበት በዚሁ ዳርቻ ሜርኩሪ ከአየሩ ሲጠፋ ተመለከተ። ስለዚህ ከዋልታ ውጭም፣ በሞቃት ባሕሮች ላይ ሳይቀር፣ አየሩ ሜርኩሪን እንዲህ ያወርድ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ሆነ። ጨው ባሕር ውስጥ ዓሣ የለም፤ ሌሎቹ ባሕሮች ግን አላቸው።

ይህን ይዘን ሽማግሌው ቤት ሄድን። ቡና ቀርቦ፣ የልጅ ልጃቸው በዕብራይስጥ እየረዳን፣ ያነበብነውን ነገርናቸው። ጸጥ ብለው ካዳመጡ በኋላ «ታዲያ እነዚያ ሴቶች ጉበቱን ትተው ምን ይበላሉ?» አሉን። ሥጋው እንዳልተከለከለ፣ የተባለው ስለ ጉበቱ ብቻ እንደሆነ ነገርናቸው። «ይሁን» አሉ። ከዚያም ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የተቀመጠውን መሐረብ አምጡልኝ ብለው ፈቱት። ከዔን ቦቄቅ ያመጡት ጨው ከአየሩ እርጥበት ስቦ መሐረቡን አርሶታል። በምላሳቸው ነካ አደረጉት፤ መረራቸው።

«ይህስ አሞሌ አይደለም» አሉ። «አሞሌ እንዲህ አያለቅስም።»