ከቦሌ እስከ የካ፦ ድኩላን የት ሆነው ይጠብቁ?

ቤትዎ ቦሌ፣ ገርጂ ወይም ሲኤምሲ ከሆነ በስተሰሜን ያለውን ተራራ በየቀኑ ያዩታል። የካ ነው፤ የእንጦጦ ተራሮች ምሥራቃዊ ጫፍ። ብዙዎቻችን የምናውቀው በባሕር ዛፉና ከአለት በተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ነው። ነገር ግን በእነዚህ ተራሮች ጫካ ውስጥ ልጆችዎ ምናልባት በመጽሐፍ ብቻ ያዩት እንስሳ ይኖራል፤ የምኒልክ ድኩላ። ይህ ንዑስ ዝርያ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው። ወንዱ ወደ ጥቁር ያደላ ሲሆን ጠምዘዝ ያለ ቀንድ አለው። ሴቷ ዳማ ናት፤ ቀንድ የላትም።

ድኩላን ለማየት ብዙ መሄድ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ጥሩ ቦታ መርጦ መቀመጥ ነው። ይህን ከሁሉ በላይ የሚያውቁት አዳኞች ናቸው። በአሜሪካ አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ዛፍ ላይ መቀመጫ አስረው ለሰዓታት ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በፊት ግን የትኛው ዛፍ እንደሚሻል ለማወቅ ቀናት ያጠፋሉ። በእኛ አገር ደግሞ ማማ አለ። ማሽላው ሲያፈራ ገበሬው ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፉ ወፍና ዝንጀሮ ይከላከላል። የሁለቱ ልዩነት ግልጽ ነው። የማማው ጠባቂ እንዲታይና እንዲሰማ ይፈልጋል፤ አድፍጦ የሚጠብቅ ሰው ግን ጨርሶ የሌለ መምሰል አለበት። እርስዎም ከቤተሰብዎ ጋር የሚማሩት ይህን ሁለተኛውን ነው። መሣሪያዎ ዓይንዎ ብቻ ነው፤ በአገራችን ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነውና።

በመጀመሪያ መንገዱን ይፈልጉ። ድኩላ ብቻውን መሆን የሚወድ፣ ጠዋት በማለዳና አመሻሽ ላይ ለመብላት የሚወጣ፣ ቀኑን በቁጥቋጦ ውስጥ የሚያሳልፍ እንስሳ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ባዶ በሆነ የባሕር ዛፍ መሐል አይድከሙ። ባሕር ዛፉ አልቆ አጋሙና ቀጋው የሚጀምርበትን፣ ወይም ጥዱና ወይራው ወደ ጅረት የሚወርድበትን ጠርዝ ይፈልጉ። በጭቃው ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ትንሽ ኮቴ፣ በሣሩ ላይ ቀጭን መተላለፊያ፣ ከሥሩም የፍየል የሚመስል ጠጠር ጠጠር ያለ እዳሪ ካዩ መንገዱን አግኝተዋል። ጨዋማ አፈርም እንስሳትን ይስባል። በገጠር ለከብት የሚሰጠው እንዲህ ያለው አፈር ስሙ ቦሌ ነው፤ ለቦሌ ልጆች ሊነግሩት የሚገባ ወሬ አይመስልዎትም?

መንገዱን ካገኙ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ነው። ድኩላ ከዓይኑ ይልቅ በአፍንጫው ይታመናል። ነፋሱ ከእርስዎ ወደ እሱ ከነፈሰ ገና ሳያዩት ይሄዳል። ስለዚህ ነፋሱ ፊትዎን እንዲመታ አድርገው ይቀመጡ። የቦሌ ሰው ደግሞ ነፋስ የሚያይበት መሣሪያ በሰማዩ ላይ አለው። አውሮፕላን ሲነሳም ሲያርፍም አብዛኛውን ጊዜ ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላል፤ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያዎችም የተዘረጉት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። አውሮፕላኖቹ ወደ ምሥራቅ ከተነሱ ነፋሱ ከምሥራቅ ነው ማለት ነው፤ በበጋ በብዛት የሚነፍሰውም ይኸው ነው። ከቤት ሳይወጡ ልጆቹን «ዛሬ አውሮፕላኑ ወዴት ተነሳ?» ብለው ይጠይቋቸው።

ተራራው ግን የራሱ ነፋስም አለው። በማለዳ ቀዝቃዛው አየር ቁልቁል ይወርዳል፤ ፀሐይ ገደሉን ካሞቀች በኋላ አየሩ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ በማለዳ ከመተላለፊያው በታች፣ ረፈድ ሲል ደግሞ በላይ መቀመጥ ይሻላል። ከተጠራጠሩ ጥቂት ዱቄት በጣትዎ ቆንጥረው ይልቀቁ፤ ወዴት እንደሚሄድ ያዩታል።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ፀሐይ ከጀርባዎ ከሆነች እርስዎ በደንብ ያያሉ፤ እንስሳው ደግሞ ወደ እርስዎ ሲመለከት ብርሃኑ ዓይኑን ይወጋዋል። ችግሩ በበጋ ማለዳ ፀሐይም ነፋስም ከምሥራቅ መምጣታቸው ነው። ነፋሱን ፊት ለፊት ከተቀበሉ ፀሐይዋም ዓይንዎ ላይ ናት። ሁለቱ ሲጣሉ ነፋሱን ይምረጡና በወፍራም ግንድ ጥላ ይከለሉ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን ሁለቱ ይታረቃሉ። ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ፀሐይዋ ከምዕራብ ናት፤ ከመተላለፊያው በስተምዕራብ ተቀምጠው ወደ ምሥራቅ ይመለከታሉ። ልጆችን በሌሊት መቀስቀስ ለማይሆንለት ቤተሰብ ይህ መልካም ዜና ነው።

ዛፍ ላይ መውጣት ያስፈልጋል ወይ? አያስፈልግም። በአሜሪካም ብዙ አዳኞች የሚጎዱት ከመቀመጫቸው ወድቀው ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ደግሞ አይታመንም። በየካ ማማውን የሚሰጥዎ ተዳፋቱ ራሱ ነው። ከመተላለፊያው ሠላሳ ወይም አርባ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ጀርባዎን ግንድ ወይም ድንጋይ ላይ አስደግፈው መቀመጥ ይበቃል። ከኋላዎ ሰማይ ብቻ ካለ ጥላዎ ጎልቶ ይታያልና ከጫፍ ላይ አይቀመጡ።

የሚረሳው ነገር መግቢያና መውጫው ነው። ወደ ቦታዎ ለመድረስ የድኩላውን መተላለፊያ አቋርጠው ከሄዱ ሽታዎን ትተውበታል። ስለዚህ ዞር ብለው ይግቡ፤ ሲወጡም በዚያው ይመለሱ። ሽቶ አይቀቡ፤ ስልኩን ድምፅ አልባ ያድርጉ፤ የሚንኮሻኮሽ ፌስታል ይዘው አይሂዱ። ለትንንሽ ልጆች ሃያ ደቂቃ ዝምታ በቂ ነው።

ለጉዞው ከመገናኛ በኮተቤ ወይም በየካ ሚካኤል በኩል መነሳት ይችላሉ። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይዘው፣ ተሰባስበው ይሂዱ። ጫካው የጅብም ቤት ስለሆነ ጨለማ ሳይዝዎት ይውረዱ። የደኑን ጥበቃዎች ካገኙ ሰላም ብለው ያስፈቅዱ፤ የትኛው ጅረት ዳር ምን እንደሚታይ ከእነሱ የተሻለ የሚነግርዎ የለም።

በመጀመሪያው ቀን ምንም ላያዩ ይችላሉ። እንደ ውሻ ያለ አንድ ጩኸት ብቻ ሰምተው ይሆናል፤ ድኩላ ሲደነግጥ እንዲያ ይጮኻል። እንዲህ ከሆነ ቦታው ወይም ነፋሱ ትክክል አልነበረም ማለት ነው፤ አይከተሉት። ደጋግሞ የተባረረ እንስሳ መንገዱን ይተዋል፤ አያት፣ ሰሚትና አራብሳ ድረስ በቤት በተሞላው ምሥራቅ አዲስ አበባ ደግሞ ሌላ መሄጃ ብዙም የለውም። ለልጆችዎ አንድ ደብተር ይስጧቸው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የነፋሱን አቅጣጫና የተቀመጡበትን ቦታ ይጻፉበት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ጉዞ የት እንደሚቀመጡ የሚነግሩዎት እነሱ ይሆናሉ።