ፍሬንም እንደ ምጣድ ይሟሻል

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ክረምቱን የማሳልፈው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ከሚኖረው ልጄ ዘንድ ነው። ልጆቻቸው ውጭ ያሉ ወላጆች እንደሚያውቁት፣ እዚያ ስንሄድ ዋናው ሥራችን የልጅ ልጅ መያዝ ነው። ዘንድሮ ግን ሌላ ሥራ ተጨመረልኝ። በባልና ሚስት መካከል ስለ መኪና ፍሬን ሽማግሌ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ 38 ዓመቱ ነው። ሱባሩ ቢአርዜድ የሚባል ዝቅ ያለ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና አለው። በሥራ ቀን ሥራ ይሄድበታል፤ የ4 ዓመት ልጁንም ከኋላ በሕፃን ወንበር አስሮ መዋያ ያደርስበታል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት ወደሚባል የመኪና መሮጫ ይወስደዋል። ዙሩ 3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 10 ኩርባዎች አሉት። እሱ የሚሄድበት ቀን የውድድር ቀን አይደለም። ሰው ከፍሎ፣ የራስ ቁር አጥልቆ፣ ጀማሪ ከሆነም አሠልጣኝ አጠገቡ አስቀምጦ የገዛ መኪናውን በፍጥነት መንዳት የሚማርበት ቀን ነው።

የፊት ዲስኮቹ አልቀው ስለነበር አዲስ መግዛት ነበረበት። ዓይኑ ያረፈው በቀዳዳ የተሞሉት ላይ ነው፤ በቸርኬው መካከል ሲታዩ በእርግጥ ያምራሉ። ምራቴ ግን ወጥ ቤት ይዛኝ ገባችና «እማማ፣ እርስዎ ይንገሩት። ልጅ አለን፣ ይህን ነገር ይተው» አለችኝ።

ተው ማለት አልፈለግሁም። የ38 ዓመት ሰው በእናቱ ቃል ፍላጎቱን አይተውም፤ ቢበዛ ከእናቱ ይደብቀዋል። ደግሞም ፍጥነት የሚወድ ሰው ፍጥነቱን የሚያወጣበት ቦታ ካለ፣ ከፊት ለፊት መኪና የማይመጣበት፣ እግረኛ የማያቋርጥበት፣ አምቡላንስ ቆሞ የሚጠብቅበት ቢሆን እመርጣለሁ። ስለዚህ ምራቴን «መከልከል አልችልም፤ መጠየቅ ግን እችላለሁ» አልኳት። በነርስነት ዘመኔ ሁሉ የሠራሁትም ይህንኑ ነው።

ስለ ፍሬን ስሰማ ዝም ብዬ የማላልፍበት ምክንያት አለኝ። በወጣትነቴ አባይ በረሃ አፋፍ ላይ በምትገኝ ትንሽ ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ የሚወርደው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ጭነት መኪናዎች ሲወርዱ የተቃጠለ ፍሬን ሸራ ሽታ እኛ ዘንድ ይደርስ ነበር። ወደ እኛ ከሚመጡት ሾፌሮች አፍ አንድ ቃል ነው የምሰማው፤ «ፍሬን እምቢ አለኝ።» የቆዩት ሾፌሮች ደግሞ ረዳቶቻቸውን «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሏቸዋል። ለምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ግን ዘንድሮ፣ በልጄ የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ «የዲስክ ሥራው ምንድን ነው?» የሚል ነበር። «መኪናውን ማቆም» አለኝ። «እንዴት?» አልኩት። እርሳስ አነሣ። ፍሬን ስንይዝ ሸራው ዲስኩን ግራና ቀኝ ይጨብጠዋል፤ የመኪናው ሩጫም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ከነሹፌሩ 1,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር ወደ 80 ሲወርድ የሚወጣው ሙቀት 3 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይቀርባል። እኛ 3 ሊትር ውሃ ምድጃ ላይ ጥደን ስንት ደቂቃ እንጠብቃለን? መኪናው ይህን በ3 ሰከንድ ገደማ ያደርገዋል። ትንሽ እንደሄደ ሌላ ኩርባ ይመጣል፣ እንደገና ይፈላል። ከተማ ውስጥ ግን በ50 የሚሄድ መኪና መብራት ላይ ሲቆም ዲስኩ ለብ ቢል ነው።

«እንግዲያው የምትገዛው ሙቀት የሚችል ብረት ነው» አልኩት። «አዎ» አለ። «ታዲያ ብረቱን ለምን ትበሳዋለህ?»

እዚህ ላይ ትንሽ አሰበ። ቀዳዳው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ድሮ ሸራዎች ሲግሉ ጋዝ ያወጡ ስለነበር መውጫ እንዲያገኝ ነው የተበሳው፤ በዝናብም ውሃውን ያስወጣል፣ ክብደትም ይቀንሳል። የዛሬ ሸራዎች ግን እንደ ድሮዎቹ ጋዝ አያወጡም። መሮጫ ላይ ደግሞ ዲስኩ ደጋግሞ ሲግልና ሲበርድ ስንጥቁ ከቀዳዳው ጠርዝ ይጀምራል። ምጣድ የምታውቅ ሴት ይህን ለመረዳት መሐንዲስ መሆን አያስፈልጋትም፤ ምጣድ የሚሰነጠቀው እንከን ካለበት ቦታ ጀምሮ ነው።

ሁለተኛው ምርጫ ባለ ቦይ ዲስክ ነው። ፊቱ ላይ ቀጫጭን ቦዮች ተቆፍረውበታል፤ እስከ ወዲያኛው ወገን አይበሱም። ቦዩ የሸራውን ፊት እየጠረገ ያጸዳዋል። ከባለ ቀዳዳው ይልቅ ሙቀት ይችላል፤ ነገር ግን ይጮኻል፣ ሸራም ቶሎ ይጨርሳል። ሦስተኛው ልሙጡ ነው፤ ፊቱ ለስላሳ፣ ውስጡ አየር በሚያስገቡ ክፍተቶች የተሠራ ተራ ዲስክ። አያምርም። ብረቱ ግን ሙሉ ነው፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው፤ ሲያልቅ ሳይሳሱ ይቀይሩታል። ከዚህ ሁሉ በላይ ካርቦን ሴራሚክ የሚባል አለ። ቀላል ነው፣ ሙቀት ይችላል፤ ዋጋው ግን በብዙ ሺህ ዶላር ስለሚቆጠር ለእኛ ቤት ወሬ አይሆንም።

«ዲስኩን ተውነው፤ መሮጫ ላይ ፍሬን እምቢ የሚለው በምን ምክንያት ነው?» አልኩት። መልሱ አስደነቀኝ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ አይደለም፤ የሸራው ወይም የፍሬን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን የመፍያው ልክ ቢያንስ 230 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ የሚጠበቅበት ልክ ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ከፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል። ስለዚህ እግር ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይረግጠዋል፣ ጎማው ዘንድ የሚደርስ ኃይል ግን የለም። መርፌ ከመውጋታችን በፊት ከሲሪንጁ አየር የምናስወጣ ሰዎች ይህ አይጠፋንም። የአባይ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉትም ለዚህ ነው፤ ሞተሩ መኪናውን ከያዘው ፍሬኑ ለመጋል ጊዜ አያገኝም።

መደርደሪያው ላይ ተከፍቶ የቆየ የዘይት ጠርሙስ ነበረ። አነሣሁና «ይህ መቼ ተከፈተ?» አልኩት። አላስታወሰም። የተከፈተ መድኃኒት ቀን ካልተጻፈበት አንጠቀምበትም። ያንን ጠርሙስ አስወገደው።

ዋናው ጥያቄ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመሮጫ ሸራ የተሠራው ለትልቅ ሙቀት ነው። እስኪግል ድረስ አይነክስም፤ በቀዝቃዛ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ አያያዞች ላይ ደካማ ነው፣ ዲስክም ይበላል። የመንገድ ሸራ በተቃራኒው ከቤት እንደወጣ ይይዛል፤ መሮጫ ላይ ግን ቶሎ ይደክማል። እኔም «እሑድ ሮጠህ ስትመለስ፣ ሰኞ ጠዋት በብርድ ልጅቷን መዋያ የሚያደርሳት የትኛው ሸራ ነው?» አልኩት።

ልጄ ዝም አለ። ምራቴም ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ለሁለት ሥራ አንድ ዕቃ መፈለጉ ላይ ነበር ችግሩ። በባለ ቀዳዳዎቹ ዋጋ ሁለት ጥንድ ልሙጥ ዲስክ እንደሚገኝ አስልቶ ነገረን። አንዱ ጥንድ ከመንገድ ሸራ ጋር ለዘወትር፣ ሌላው ከመሮጫ ሸራ ጋር ለመሮጫ። ሸራውን ብቻ መቀየር አይበቃም ወይ ብዬ ነበር። አንዱ ሸራ ዲስኩ ላይ የሚተወው ልባስ ከሌላው ጋር ላይስማማ ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ሸራ የራሱ ዲስክ ቢኖረው ይሻላል አለኝ።

ዕቃው ሲመጣ ሌላ ነገር ተማርኩ። አዲስ ዲስክና ሸራ እንደተገጠሙ ወዲያው ኃይለኛ ሥራ አይሠራባቸውም። ባዶ መንገድ ላይ ከመካከለኛ ፍጥነት ደጋግሞ ፍሬን መያዝ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይቆሙ እንደገና መሄድ፣ በመጨረሻ ፍሬን ሳይነኩ ጥቂት ነድቶ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ የሸራው ስስ ልባስ ዲስኩ ላይ እኩል ይነጠፋል። እኩል ካልተነጠፈ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ሰው «ዲስኩ ተጣሟል» የሚለውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ልጄ ይህን «ቤዲንግ» ይለዋል። «የአማርኛ ቃል የለውም» ሲለኝ ሳቅሁ። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ እንጀራ ይጋገርበታል? ማሟሸት ነው ቃሉ። አሁን እሱም «እማዬ፣ ሸራውን አሟሽቼ ልምጣ» ማለት ጀምሯል።

አንድ ነገር ደግሞ ከሙያዬ ጨመርኩ። በሥራችን ከባድ መድኃኒት ለበሽተኛ ከመሰጠቱ በፊት ሁለት ሰው አይቶ ይፈርማል። ልጄም ወረቀት አዘጋጅቶ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። የዲስኩ ውፍረት ተለካ፤ ዲስኩ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ልክ አልወረደም። የሸራው ውፍረት ታየ። ዘይቱ የተቀየረበት ቀን ተጻፈ። የጎማው ብሎኖች በሚለካ ቁልፍ ጠበቁ። የመንገዱ ሸራ ከተመለሰ በኋላ ብቻውን ነድቶ ሞከረው። ከታች ሁለት ፊርማ አለ፤ አንዱ የእሱ፣ ሁለተኛው የምራቴ። ሁለተኛው ሳይፈረም ልጅቷ መኪናው ውስጥ አትገባም።

ነሐሴ ላይ መሮጫውን ሄጄ አየሁት። ድምፁ ያስፈራል፤ አልዋሽም፣ እሱ ዙሩን እስኪጨርስ እጄን ጨብጬ ነው የቆምኩት። የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ብዙ ሳይነካ ቀስ ብሎ ነዳ፤ ዲስኩ በአየር እንዲበርድ ነው። ሲያቆም የእጅ ፍሬን አልሳበም። የጋለ ሸራ ቆሞ ከሚቀር ዲስክ ላይ ተጣብቆ እንዳይውል ማርሽ አስገብቶ ጎማው ሥር ታኮ አደረገ። ጠጋ ስል ያ ሽታ መጣ፤ የአባይ በረሃው ሽታ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሌላ አገር፣ አንድ ዓይነት ሽታ። ልዩነቱ እዚህ ሽታው የሚጠበቅ መሆኑ ነው፤ የሚወርድ ቁልቁለት የለም፣ ከኋላ የተጫነ ሰው የለም። ሲቀዘቅዝ ዲስኮቹን አብረን አየን። ፊታቸው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ነበሩ፤ እስከ ጠርዙ የደረሰ ስንጥቅ ግን አልነበረም። ጠርዝ ከደረሰ ይጣላል፣ ክርክር የለውም።

እናንተ የምትነዱት ቪትዝ ወይም ኮሮላ ይሆናል፤ መሮጫም አትሄዱ ይሆናል። ቢሆንም የእናንተም መኪና ያው ፍሬን ነው ያለው። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር። ፍሬን ሲጮህ ሙዚቃ ከፍ አድርገን አንለፈው። ጋራዥ ውስጥ ዲስካችሁን ቶርኖ ቤት ልከው ሲያስልጡ፣ ከዝቅተኛው ልክ በታች እንዳይሆን ውፍረቱን ለክተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ቁልቁለት ላይ በማርሽ ውረዱ። ዲስክ ስትገዙም የሚያምረውን ሳይሆን ሥራችሁ የሚጠይቀውን ግዙ።

ላደጉ ልጆቻችንም ከክልከላ ይልቅ ጥያቄ ሳይሻል አይቀርም። ልጄ የማላውቀውን እያስረዳኝ ሳለ የራሱን ምርጫ ራሱ መረመረ፤ እኔ ባዘው ኖሮ ባለ ቀዳዳዎቹ ተገዝተው ነበር።

ምራቴ ነገሩን ዛሬም አትወደውም፤ እንድትወደውም አልለመንኳትም። ባለፈው ሳምንት በስልክ «እማማ፣ ትናንት አልፈረምኩለትም» አለችኝ። አንዱን ብሎን በሚለካው ቁልፍ አላጠበቀውም ነበር። ወደ ጋራዡ መልሳዋለች።