የሳንታ ገርትሩዲስ እመቤት

በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት የሚኖሩትን ወገኖቻችንን ለመጠየቅ ሄደን ሳለን፥ አንድ ቀን ለይተን ከሂውስተን ወደ ደቡብ ወደ ኪንግስቪል ከተማ ተጓዝን። ኮርፐስ ክሪስቲን ካለፍን በኋላ ምድሩ እንደ ገበታ ተዘርግቶ፥ በላዩም መስኪት የሚባለው አጭርና እሾሃማ ዛፍ በቅሎበት አገኘነው። የቈላ ግራራችንን የሚያውቅ ሰው መስኪትን ሲያይ ዘመዱን ያገኘ ይመስለዋል።

ወደዚያ የጠራን የአንዲት ባልቴት ታሪክ ነው፤ ዘመኑንም ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ወይዘሮ ሄንሪየታ ኪንግ በ1832 ዓ.ም. በሚዙሪ ግዛት ከአንድ የፕሬስቢቴሪያን ሰባኪ ተወለዱ። አባታቸውን ተከትለው ወደ ብራውንስቪል ከወረዱ በኋላ ጥቂት ጊዜ ልጃገረዶችን አስተማሩ፤ በ1854 ዓ.ም. ሪቻርድ ኪንግ የተባለውን የእንፋሎት መርከብ አዛዥ አገቡ።

ካፒቴኑ ባለፈው ዓመት በሳንታ ገርትሩዲስ ጅረት አጠገብ 15,500 ኤከር፥ ይኸውም ከ6,000 ሄክታር የሚበልጥ መሬት ገዝተው ነበር። በሜክሲኮ ክሩዪያስ የሚባል መንደር በድርቅ ሲመታ፥ ከብቱን ከገዙ በኋላ ባለቤቶቹንም ከነቤተሰባቸው ወደ ርስታቸው አመጧቸው። ከብት ማርባትን ለካፒቴኑ ያስተማሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ ልጅ ልጆቻቸውም «ኪኔኞስ» እየተባሉ በዚያው ቈዩ። የሰባኪው ልጅ የገቡበት የመጀመሪያው ቤት ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ ጎጆ ነበረ፤ ከጥበቱም የተነሣ ትልልቆቹን ሳሕኖች በውጭ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉ ነበር። ሆኖም በእርጅናቸው ዘመን ያንን ወራት ሲያስታውሱ በደስታ እንጂ በምሬት አልተናገሩም።

መከራ ግን አልዘገየም። በእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፥ በታኅሣሥ 1863 ዓ.ም. የሰሜኑ ወታደሮች ቤቱን ወረሩት። ካፒቴኑ አስቀድመው ሸሽተው ነበር፤ ፍራንሲስኮ አልቫራዶ የተባለው ታማኝ ሠራተኛ ግን ቤተሰቡን ሊጠብቅ ቀርቶ በጥይት ተገደለ። ነፍሰ ጡር የነበሩት እናት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሳን ፓትሪሲዮ ሄዱና በዚያ ወንድ ልጅ ወለዱ። ይህ ልጅ በ1883 ዓ.ም. ገና በ19 ዓመቱ ሞተ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ካፒቴኑ ዐረፉ። ለባልቴቲቱ 500,000 ኤከር ያህል መሬትና 500,000 ዶላር ያህል ዕዳ ቀረላቸው።

ዕዳ የከበዳት ባልቴት ርስቷን ሸጣ በሰላም ብትኖር ማን ይነቅፋታል? እርሳቸው ግን የመበለትነት ጥቁር ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ሥራውን ያዙ፤ አርባ ዓመትም አላወለቁትም። ሴት ልጃቸውን ያገባውን የሕግ ዐዋቂ ሮበርት ክሌበርግን ሥራ አስኪያጅ አደረጉ። ድርቅ ምድሩን ሲያቃጥል መሬቱ ተቈፈረ፤ በ1899 ዓ.ም. ውሃ ከጥልቁ ገንፍሎ ወጣ። የባቡር ሐዲድ እንዲያልፍ መሬት ሰጡ፤ በ1904 ዓ.ም. ኪንግስቪል ተቈረቈረች። በከተማይቱ የመሬት ውል ላይ መጠጥ እንዳይሸጥ አስጻፉ፤ የየእምነቱ ሰዎች ቤተ ክርስቲያን እንዲሠሩም ቦታ ሰጡ።

እውነቱን ለመናገር፥ የዚያ አገር ርስት ሁሉ ያለ እንባ አልሰፋም። ከ1848 ዓ.ም. በኋላ በደቡብ ቴክሳስ ብዙ የሜክሲኮ ተወላጆች የአባቶቻቸውን መሬት አጥተዋል። ስለዚህ የአንዱን ቤት ክብር ስናወራ የሌላውን ኀዘን መርሳት አይገባንም።

በ1912 ዓ.ም. ትልቁ ቤት በእሳት ሲጋይ የ79 ዓመት አሮጊት ነበሩ፤ በስፍራውም ሌላ ቤት ተሠራ። በመጋቢት 1925 ዓ.ም. በ92 ዓመታቸው ሲያርፉ፥ ሁለት መቶ ያህል ከብት ጠባቂዎች የቤቱ ምልክት በተተኰሰባቸው ፈረሶች ላይ ሆነው አስከሬኑን አጀቡ፤ ባርኔጣቸውንም አውልቀው መቃብሩን አንድ ጊዜ ዞሩ። ቻምበርሊን በሚባለው በዚህ መካነ መቃብር ስንቆም፥ ከመስኪቱ ነፋስ በቀር ድምፅ አልነበረም።

በዚያን ጊዜ እናታችን ትዝ አሉን። አባታችን በሞቱ በአርባኛው ቀን ዘመዶች ተሰብስበው «ሁለቱን በሬዎች ሽጪ፤ ሴት አታርስም» አሏቸው። እርሳቸውም «በሬ ከተሸጠ ልጆቼ የማን ደጅ ይጠናሉ?» ብለው መለሱ። ጎረቤት እያረሰላቸው፥ እኩሌታውን እያካፈሉ፥ እኛን ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ላኩን። ያን ቀን በሬዎቹ ተሸጠው ቢሆን ይህን ጽሑፍ የሚጽፍ እጅ ባልኖረም ነበር።

መጽሐፈ ምሳሌ ልባም ሴትን ሲያመሰግን እርሻዋንም አልረሳም። ባልቴት በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ያለች አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በኀዘንዋ ሰሞን «ሽጪ» የሚላት ብዙ ነው፤ እናንተ ግን «ምን እናግዝሽ?» በሏት።